ሆድ ሲያውቅ

ሄርማታ ገበያ፣ ከባጃጁ ተራ፣
ሳምቡሳ መጥበስ ነው የእኔ የእጅ ሥራ።
ማክሰኞ የገባ ዘይት እስከ ቅዳሜ
ይጠቁራል እንጂ አይጨርስም ዕድሜ።
አረፋው ሲበዛ፣ ሽታው ሲከረፋ፣
ቆሜ አየዋለሁ ወርቅነቱ ሲጠፋ።
ደፍቼው አላውቅም። «ለአዌቱ አዝኜ ነው፣
ወንዙ እንዳይበከል» እላለሁ፤
ያዘንኩት ለብሬ ነው።

ዘይቱና ጎረቤቴ፣ ዘይት ያለው በስሟ፣
ዕቁብ በወጣላት፣ በዚያችው በአቅሟ፣
ስልሳ ሳሶ ጫጩት ከጓሮዋ አኑራ፣
መኖው ተወዶባት፣ ፋጉሎው ሲያኮራ፣
ጀሪካን አንጠልጥላ ብቅ አለች በማታ፦
«አሮጌ ዘይት የለህም? ዝናቡ በርትቷል፤
ቅባት ያሞቃቸዋል አሉኝ።»
ሰጠኋት። በነጻ። ሙሉ ጀሪካን።
ምርቃቷንም ተቀበልኩ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ይላል የአገሬ ሰው።
የእኔ ሆድ ያውቅ ነበር፤
የዶሮዎቿ ሆድ ነው ያላወቀው።
እስኪያውቅ ሃያ ቀን ፈጀበት።

የጅማ ክረምት እንደሆነ ማለቂያ የለውም፤
ሰጋቱራው ራሰ፣ ቢቀይሩት አይደርቅም።
መጀመሪያ ክንፋቸው ወረደ፣ ላባቸው ተነፋ፤
ቀጥሎ ኩሳቸው ላይ የደም ክር፣
ቀጥሎ አንዷ ጥግ ይዛ፣ አንገቷን ደፋ።
አሥራ ዘጠኝ ሞቱ። ሃያኛዋን ይዘን
እርሻ ኮሌጅ ሄድን በካርቶን ከድነን።
ዘይቱና ሐዘን ይዛ፣
እኔ ሐዘንና ሌላ ነገር ይዤ።

ሲፈን ትባላለች፣ ልትመረቅ ዓመት የቀራት፤
መቀሷን አጥባ መጥታ ዶሮዋን ከፈተቻት።
አንጀቷን ዘረጋች ነጭ ትሪ ላይ፤
የራሰ ቀይ መቀነት ይመስላል ለሚያይ።

«ይኸውላችሁ ግንቡ» አለች፣ በጓንቷ እየነካች፤
«ቀን ከሌት ዘብ የሚያድር ሠራዊት እዚህ አለ።
የዘበኛው ልብስ የሚሰፋው ከምታበሏት ቅባት ነው።
ደህና ቅባት ከበላ፣
ጠላት ሲመጣ ይተኩሳል፣ ጠላት ሲሄድ ያቆማል።
የተቃጠለ ከበላ ግን ማቆሚያውን ያጣል፤
ወዳጅ ከጠላት አይለይም፣
የሚጠብቀውን በር ራሱ ያነዳል።
ሰጋቱራ ውስጥ የኖረው ተባይ
በዚያ በነደደው በር ዘው ብሎ ይገባል።»

ከዚያ ቀና ብላ፦ «ምን ዓይነት ዘይት ነበር?»

ዘይቱና ዝም አለች።
ወደ እኔ አልዞረችም። በዞረች ይሻለኝ ነበር።
ጫማዋን ብቻ አየች፣ ጭቃ የበላውን፣
አንጀቴን በላችው።
አባባል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«የእኔ ነው» አልኩ። «የቅዳሜ ዘይት ነው።»

በማግስቱ ሁለት ኪሎ ተልባ ገዛሁላት።
ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ፤
ተንጫጫ፣ ተወቀጠ፣ ከመኖው ገባ።
ሲፈን በእስክሪብቶ ልኩን ጽፋ ሰጥታናለች፦
«ከመቶ እጅ አምስት። ከዚያ እንዳታልፉ።
ጥሩ ነው ብላችሁ ካበዛችሁት
ዘበኛው ይረጋጋና እንቅልፉን ይለጥጣል፤
እንቁላሉም ዓሣ ዓሣ ይላል።»
የተባዩንም መድኃኒት ጨምራ ሰጠችን፤
ተልባ ብቻውን የነደደ በር አይጠግንም።
ሰጋቱራውን እኔ ተሸክሜ አወጣሁ።

አርባው ተረፉ።
አርባ ስል፣ አንዷ እስከ ዛሬ ታነክሳለች።

አሁን ዘይቴን ሐሙስ አወጣለሁ፤
ሳሙና የሚሠራ ሰውዬ በበርሜል ይወስደዋል።
ትርፌ ሳስቷል፣ ሳምቡሳዬም አንሷል፣ ደንበኛ ያማርራል።
ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች ግን
አሁንም በወረቀት ጠቅልለው፣ እየተቃጠሉ፣ እየሳቁ ይበላሉ፤
አያቸዋለሁ።
ዶሮዋን ከፍተው አዩ።
እነዚህን ማን ከፍቶ አየ?
ስንት ቅዳሜ አብልቻቸዋለሁ?

ትናንት ዘይቱና መጣች፣ ከወራት በኋላ።
በነጠላዋ ጫፍ አንድ እንቁላል ቋጥራለች፣
ገና ያልቀዘቀዘ።
ድስቴ ላይ ጎንበስ አለች፣ አሸተተች፣
እንቁላሉን መዳፌ ላይ አኖረችና፦
«በአዲሱ ጥበሰው» አለችኝ።